የአሾካን እትብት ማን ቆረጠው?

ባለቤቴ ታሪክ ያስተምር የነበረው በኒም ዛፍ ሥር ነው። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ በዝናብ ከተደረመሰ ወዲህ መንግሥት ዛሬ ነገ አሠራዋለሁ እያለ ስንት ክረምት አለፈ፤ እኛም ዛፉን ለመድነው። የታሪክ መጽሐፉ ሰማያዊ ልባስ ነበረው። እኔም በልጅነቴ በአባቴ ቤት የተማርኩት በእሱው ስለሆነ ዛሬም ዓይኔን ብጨፍን ምዕራፎቹ በየተራቸው ይመጡልኛል፦ በኢንዱስ ወንዝ ዳር የተቆረቆሩት ከተሞችና በጡብ የተከደኑት የፍሳሽ ቦዮቻቸው፣ የቡድሃ ስብከት፣ የንጉሥ አሾካ የድንጋይ ዓምዶች፣ የጉፕታዎች ወርቃማ ዘመን፣ የሞጎል ነገሥታት የአትክልት ሥፍራ፣ የእንግሊዝ ነጋዴዎች፣ የምድር ባቡር፣ በመጨረሻም ነፃነት። ልጆቹ እየተወዛወዙ በአንድ ድምፅ ያነበንቡት ነበር። ያ ዜማ እስካሁን ይናፍቀኛል።

አንድ ቀን ጠዋት ልጆቹ አሾካን ሲያነበንቡ ፉልመቲያ የሣር ሸክሟን ተሸክማ በዚያ ታልፍ ነበር። ጥላዋ ልጆቹ ላይ እንዳያርፍ እንደ ሁልጊዜዋ ከመንገዱ ማዶ ቆመች። ሸክሟን አላወረደችም።

«ጌታው መምህር» አለች፣ «ይሄ ልጆቹ የሚጮሁለት ንጉሥ እንደ ሰው ተወልዶ ነው ወይስ ከሰማይ ወርዶ?»

ባለቤቴ ቀልድ መውደዱን ታውቃለች። «እንደ ሰው ነው እንጂ» አላት።

«እንግዲያ እትብቱን ማን ቆረጠው?»

ልጆቹ ሳቁ፤ ባለቤቴም ሳቀ፤ ያን መጽሐፉ አይናገርም አላት። እሷ ግን ከሣሩ ሥር ፊቷን ቀና አድርጋ «ስሟን ባይጽፉትም ሰፈሯን አውቀዋለሁ» አለች። «ደቡብ ሰፈር ነው።» ይህን ብላ መንገዷን ቀጠለች።

በእኛ አገር በየትኛውም መንደር ብትሄዱ ቆዳ ፋቂዎቹ የሚኖሩት በስተደቡብ ነው። ነፋስ ከደቡብ እምብዛም አይነፍስምና የእነሱን ትንፋሽ ወደ ትልልቆቹ ቤቶች አያመጣም ተብሎ ገና ድሮ የታሰበ ነገር ነው። ቤት ሲሠራ ነፋስን ያማከረ ሕዝብ ነን። መንደራችን ሲስዋኒም እንዲሁ ነበር። በሰሜን በኩል ወንዙና ሬሳ የሚቃጠልበት ዳርቻ፣ መሐል ላይ የባለመሬቶቹ ጌቶች፣ የራጅፑቶቹ የጡብ ቤቶች፣ ቀጥሎ የእኛ የጸሐፊ ወገኖችና የሸክላ ሠሪዎቹ፣ በስተደቡብ ከሩዝ ማሳው ማዶ የፋቂዎቹ ጎጆዎች። የሞተ ከብት የሚጎትቱት እነሱ ናቸው። የተወለደ ልጅ እትብት የሚቆርጡትም የእነሱ ሴቶች ናቸው። ሌላ እጅ እትብት አይቆርጥም። የቆረጠ እጅ የፋቂ እጅ ሆነ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚያነጻው ውሃ የለም።

ፉልመቲያ ወደ ሲስዋኒ በሙሽርነት ስትመጣ ሙያውን የወረሰችው ከአማቷ ነው። ስደርስባት ጎልማሳ ነበረች፤ አጭር፣ ክንዷ እንደ ወንድ ክንድ የጠና፣ አፏ የማያርፍ። እኔን «ሙሽሪት» ብላ የጠራችኝ ከሠረገላ በወረድኩ ዕለት ነው፤ ፀጉሬ ከሸበተም በኋላ ያው ሙሽሪት ነበርኩ። መንደሩ ውስጥ ማን ምን ዓይነት እምብርት እንዳለው የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። አንድ ኩሩ ወጣት ፂሙን እየጠመዘዘ በፈረስ ሲያልፍ ካየች ዝቅ ባለ ድምፅ «ይሄ ሁሉ ኩራት ከእኔ ቋጠሮ በላይ ነው፤ ብፈታው ነፋሱ ይወጣል» ትላለች። እኛ ሴቶቹ በነጠላችን ጫፍ አፋችንን ይዘን እንስቃለን።

የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ደሜን ያጠበች፣ ሆዴን በሰናፍጭ ዘይት ያሸች፣ ልጄ አልቅስ ሲባል እምቢ ቢል በአፏ ትንፋሽ የሰጠችው እሷ ናት። በእነዚያ ቀናት ቤቱ ሁሉ በወሊድ ምክንያት ርኩስ ነውና መንካቷ ማንንም አይጎዳም፤ ከጎኔ ትተኛለች፤ የፈለገችውን ዕቃ ትይዛለች። በስድስተኛው ቀን ሥርዓቱ ይፈጸምና ቤቱ በከብት እበት ይለቀለቃል፤ እናትየዋ ትታጠባለች። ያን ዕለት ፉልመቲያ እህሏንና አንድ ሳሪ ተቀብላ በጓሮ በር ወጣች። በማግስቱ ልጄን ይዤ ደጅ ብቆም ከአጥሩ ማዶ ሆና «ጠግቧል?» ስትለኝ አማቴ ልጁን ከእጄ ነጥቃ ወደ ውስጥ ገባች፤ ጥላዋ እንዳይነካው ነው። ትላንት ትንፋሿ ሳንባው ውስጥ የገባ ልጅ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ባሏ ቢፋን የሃርናንዳን አራሽ ነበር። ሃርናንዳን የመንደሩ ትልቅ ባለርስት ነው፤ ዋናው መንገድ በደጃፉ ያልፋል፤ መንገዱን እንደ ቤቱ በረንዳ ይቆጥረዋል። የደቡብ ሰፈር ሰዎች በሕይወት እያሉ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ያልፉበት ነበር። ሲሞቱ ግን አያልፉም። ሬሳቸው የራጅፑቶቹን ደጃፍ ያረክሳል ተብሎ በሩዝ ማሳው ዳር ዳር ዞሮ ነው ወንዝ የሚወርደው። በበጋ እንደ ነገሩ ነው። በክረምት ማሳው ሐይቅ ይሆናል።

ቢፋን የሞተው በክረምት፣ የሳዋን ወር እንደገባ ነው። ማሳ ውስጥ እባብ ነደፈው፤ የሃርናንዳንን ሩዝ ሲያርም። ዘመዶቹ ቃሬዛውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ዋናው መንገድ አፋፍ ላይ ሲደርሱ የራጅፑቶቹ ወጣቶች ዱላ ይዘው ቆመው አገኟቸው። ባለቤቴ ጃንጥላውን ይዞ ሮጠ። አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ የወጣው ሕግ መንገዱን ለሁሉም እንደሚፈቅድ ለሃርናንዳን ነገረው። ሃርናንዳን በረንዳው ላይ ሻዩን እየጠጣ «መምህር፣ ሕጉ ዴልሂ ነው፤ መንገዱ ሲስዋኒ ነው» አለው። ወጣቶቹ ሳቁ። ከእነዚያ ወጣቶች መሐል ፉልመቲያ እምብርቱን ያልቋጠረችለት አልነበረም።

ዞሩ። ውሃው ከጉልበት በላይ ነበር። እኔ ከጣሪያችን ላይ ሆኜ አየኋቸው። «የራማ ስም ብቻ እውነት ነው» እያሉ ይሄዱ ነበር፤ ሬሳ የሚሸኝ ሁሉ የሚለው ነው፤ ደሃም ጌታም። መሐል ማሳው ላይ ሲደርሱ የፊተኛው ሰው አዳለጠው። ቃሬዛው ተጋደመ፤ ቢፋን ውሃው ውስጥ ገባ። በእጃቸው እየዳሰሱ ፈለጉት። ፉልመቲያ ከኋላ ነበረችና ሳሪዋን ሰብስባ ገባች፤ ራሱን ያገኘችው እሷ ናት። ጭቃውን ከዓይኑና ከአፉ ላይ እየጠረገች፣ ልክ ለአዲስ የተወለደ ልጅ እንደምታደርገው በጣቷ አፉን አጸዳችለት። ዕድሜዬን ሙሉ የሰውን ሥራ በበጎ ለመተርጎም የምሞክር ሴት ነኝ። ያን ዕለት ግን በበጎ የሚተረጎም ነገር አላገኘሁም። ገበሬ በገዛ እጁ ባረመው ሩዝ ውስጥ፣ በራሱ ማሳ ሳይሆን በጌታው ማሳ ሰጥሞ፣ ሞቶም እንኳ በመንገዱ ማለፍ አልተፈቀደለትም።

ከዚያ በኋላ ፉልመቲያ ቀልድ አቆመች። ሲያገኟት አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትለው። «ሙሽሪት፣ እኔ በዚያ ውሃ አልሄድም። ልጆቼም አይሄዱም። በመንገዱ ነው የምንሄደው።» እንዴት አድርገሽ ስላት ሣሯን ተሸክማ ትሄዳለች።

ዝናቡ አባርቶ ሩዙ መዘርዘር ሲጀምር የሃርናንዳን ምራት ራምራቲ ምጥ ያዛት። ባሏ ካልካታ ነበር። የበኩር ልጇ ስለሆነ የጎረቤት ሴቶች ሁሉ የልደት ዘፈን ሊዘፍኑ ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ፤ እኔም ነበርኩ። ፉልመቲያ ተጠርታ መጣች። ትቀራለች ብለው የጠረጠሩ ነበሩ፤ እሷ ግን በጓሮ በር ገብታ እጇን ታጥባ ሥራዋን ያዘች። ልጅቷ ትንሽ ነበረች፤ ፈርታለች። ፉልመቲያ ወገቧን ስታሻት፣ ስታባብላት፣ «እናቴ፣ ትንሽ ቀረሽ፣ በርቺ» ስትላት ከገዛ ልጇ ለይታ አላየቻትም። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ወንድ ልጅ ተወለደ። የናስ ሳህን ተመታ፤ ሴቶቹ ዘፈኑን አነሡት። የእንግዴ ልጁም በሰላም ወረደ። ፉልመቲያ ሕፃኑን በጨርቅ ጠቅልላ እናቱ ደረት ላይ አስተኛችው። ከዚያ እትብት የምትቆርጥበትን ማጭድ ከእሳት ማሰሮው አጠገብ መሬት ላይ አኑራ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች።

ሴቶቹ ዘፈናቸውን እየዘፈኑ ነው። የሃርናንዳን ሚስት፣ ትልቋ እመቤት፣ ቀድማ ልብ አለች።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ቁረጪ እንጂ።»

«ማጭዱ ያው፤ ከአጠገብዎ ነው እመቤቴ» አለች ፉልመቲያ። «የእኔ እጅ ደክሞታል። ብዙ ዞሮ የመጣ እጅ ነው።»

«የምን መዞር ነው የምታወሪው?»

«ቢፋንን ያዞራችሁበትን ነዋ። በዚያ ውሃ በኩል ዞራ የምትመጣ ሴት ካለች አስጠሩ።»

ዘፈኑ ተቋረጠ። ትልቋ እመቤት ሰደበቻት፤ አባቷን፣ እናቷን፣ ሰባት ቤት ወገኗን። ቀጥሎ ለመነቻት፤ ሁለት ሳሪ፣ የምትታለብ ፍየል እሰጥሻለሁ አለች። ፉልመቲያ ዓይኗን ከሕፃኑ አላነሣችም። ራምራቲ ማልቀስ ስትጀምር ጎንበስ ብላ «አትፍሪ፤ ለልጅሽ ምንም አይሆንም፤ ሞቆታል፤ ከጡትሽ አትለይው» አለቻትና መልሳ ተቀመጠች። ይህን የሰማን እኔና አንዲት ሌላ ሴት ብቻ ነን፤ ሁለታችንም ለእመቤቷ አልነገርናትም።

ወደ ጎረቤት መንደር ሰው ተላከ። ሌላዋ አዋላጅ እየተቻኮለች መጣች፤ በጓሮ በር ገባች፤ ፉልመቲያ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር አለቻት። እሷም ሳሪዋን አስተካክላ ከጎኗ ቁጭ አለች። «የእኔንም እጅ ቁርጥማት ይዞታል» አለች፤ አንዲት ሴት ሳቅ አምልጧት አፏን ያዘች።

ወንድ ወደ ወላድ ክፍል አይገባምና ሃርናንዳን ከግድግዳው ውጪ ሆኖ ነበር የሚጮኸው። ጎጆሽን አፈርሰዋለሁ፣ ልጆችሽን ከማሳዬ አባርራለሁ፣ ጉድጓድ ውሃ እከለክላችኋለሁ አለ። ፉልመቲያ ድምፅዋን ሳታነሣ በግድግዳው በኩል መለሰችለት። «ያፍርሱት ጌታዬ። ጎጆዬ ቢፈርስም ይሄ እትብት አይቆረጥም።»

ያን ጊዜ ነው ራምራቲ ከተኛችበት ቀና ያለችው። ፀጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል። እጇን ወደ ማጭዱ ዘረጋች። «ስጡኝ» አለች። «የእኔ ልጅ ነው፤ እኔው ልቁረጠው።»

አማቷ፣ ትልቋ እመቤት፣ እንደ ነብር ዘላ እጇን ያዘቻት። «አብደሻል? በገዛ እጅሽ ፋቂ ልትሆኚ? የልጅ ልጄን የፋቂ ልጅ ልታደርጊብኝ ነው?»

ፉልመቲያ ይህን ስትሰማ ተነሣች። በዚያ ቤት ውስጥ ስትወጣ ስትገባ ኖራ፣ ቀጥ ብላ ቆማ ያየኋት ያን ዕለት ነው።

«ቆይ፣ ልረዳው» አለች። «እናቱ ብትቆርጠው ፋቂ ይሆናል። እኔ ስቆርጠው ራጅፑት ይሆናል። እንግዲያ እመቤቴ፣ ራጅፑት የምታደርጋችሁ እኔ ነኛ። ያንን ውጪ የሚጮኸውን ጌታ አማቴ አደረገችው፤ ልጆቹን እኔ አደረግኋቸው። በዚያ ዱላ ይዘው የቆሙብኝን ሁሉ እኔ ነኝ ጌታ ያደረግኋቸው። ለአማልክት እንኳ ያልተሰጠ ሥራ እየሠራሁ በጓሮ በር እወጣለሁ።»

ምን ይባላል? ስንት ዘመን የቆመ ነገር ነው፤ ነገሥታት መጥተው የሄዱበት፣ ቋንቋውና ሃይማኖቱ የተለወጠበት፣ ይሄ ብቻ ያልተለወጠ። ማጭዱ መሬት ላይ፣ ሁላችንም የምንችለው፣ ማናችንም ያልነካነው። ለራሳችን ያጠርነው አጥር እኛኑ ውስጥ አድርጎ ሲዘጋ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሕፃኑ ጡት ፈልጎ አፉን ያሞጠሙጣል።

በመጨረሻ የሃርናንዳን ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ። «ይሁን። ሬሳችሁ ይለፍ።»

«እመቤቴ» አለች ፉልመቲያ ወደ ትልቋ እመቤት ዞራ፣ «እንደ እጄ ጆሮዬም ደክሟል መሰለኝ፤ አልሰማሁም። ደጃፋቸው ላይ ቆመው፣ መምህሩ ባሉበት፣ ሰው በሞላበት ይበሉት።»

አለው። ባለቤቴ እዚያ ነበር፤ እነዚያ ወጣቶችም ነበሩ። ሃርናንዳን በረንዳው ላይ ቆሞ መሬት መሬት እያየ የደቡብ ሰፈር ሬሳ ከዛሬ ጀምሮ በመንገዱ እንደሚያልፍ፣ ማንም እንደማያግድ በጎረቤቶቹ ፊት ተናገረ። ከዚያ ፉልመቲያ ማጭዱን በእሳቱ አሳልፋ እትብቱን ቆረጠች፤ ቋጠረችው፤ በወግ በልማዱ ግቢው ውስጥ ቀበረችው። ስድስተኛው ቀን ሲሞላ ቤቱ ተለቀለቀ፤ እሷም በጓሮ በር ወጣች። ያ አልተለወጠም።

ቀጥሎ የሞተው ከሰፈሯ አንድ ሽማግሌ ነው። በዋናው መንገድ አለፉ። የከለከላቸው የለም፤ ቃል ቃል ነው። ግን ቃሬዛው እንዳለፈ የየቤቱ አገልጋዮች እበትና ውሃ በባልዲ ይዘው ወጡ፤ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር አጠቡት። ከዚያ በኋላም የደቡብ ሰፈር ሰው በሞተ ቁጥር እንደዚያው ሆነ። እኔ ተናደድኩ፤ ምግብ አልበላ አለኝ። ፉልመቲያን ሳገኛት ግን የድሮ ሳቋ ተመልሶ ነበር። «ሙሽሪት፣ አየሻቸው? ራጅፑቶቹ መንገዳችንን ያጥቡልናል። የትኛው ንጉሥ ነው ከኋላ ከኋላው መንገድ የታጠበለት? መምህሩን ጠይቂልኝ፣ መጽሐፉ ላይ ካለ።»

ጠየቅሁት። የለም።

ዓመታት ሄዱ። ከተማ ሆስፒታል ተከፈተና ሴቶቹ ሁሉ እዚያ ይወልዱ ጀመር። እትብቱን ነርሷ በመቀስ ትቆርጠዋለች። ነርሷ የማን ልጅ ናት ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም፤ በነጭ ልብስ ሲሆን ርኩሰቱ ወዴት እንደሚሄድ እንጃ። ለፉልመቲያ እህልና ሳሪ የሚያመጣላት ሥራ ቀረ፤ ከማሳ ዳር ሣር እያጨደች ትሸጥ ነበር። የታሪክ መጽሐፉም ተለወጠ፤ አዲሱ ባለቀለም ሥዕል አለው፤ ወፍራም ነው። ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ የልጅ ልጆቼን ሳስጠና አገላብጬ ፈለግኳት። አሾካ አለ። ዓምዶቹ አሉ፤ ፎቶግራፋቸው ያምራል። በየመንደሩ በስተደቡብ ስለሚኖረው ሕዝብ አንድ አንቀጽ ገብቷል፤ «ችግር ነበረባቸው» ይላል። ነበረባቸው! በማን እጅ? ችግሩን እንደ ወባ ሁሉ ትንኝ ያመጣው እንጂ ሰው ያመጣው አይመስልም።

ፉልመቲያ የሞተችው በክረምት ነው፤ እንደ ቢፋን። ማሳው ሐይቅ ሆኖ ነበር፤ ዝናቡ ካባራ ቀናት ስላለፉ መንገዱ ግን ደርቋል። ልጆቿ ቃሬዛዋን ይዘው በዋናው መንገድ መጡ፤ «የራማ ስም ብቻ እውነት ነው» እያሉ፣ ጫማቸውን እንዳደረጉ። እኔም ባለቤቴም ደጃችን ላይ ቆመን ነበር። ያለ መሰናክል አለፉ። እግሯ ውሃ ሳይነካ ወደ ወንዙ ወረደች።

ወዲያው ባልዲዎቹ መጡ። ከሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር አንሥተው እያፈሰሱ፣ እየጠረጉ ወጡ። ከእኛ ቤት ፊት ሲደርሱ ባለቤቴ ተው አላቸው፤ አልሰሙትም፤ አዛዣቸው እሱ አይደለም። ከሃርናንዳን ደጃፍ ሲደርሱ ግን ትልቁ በር ተከፈተ። ሃርናንዳንም ሚስቱም ከሞቱ ቆይተዋል፤ የቤቱ እመቤት ራምራቲ ናት። የዚያ ቤት እመቤት ወደ መንገድ ወጥታ አታውቅም። በዚያ ዕለት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ አውርዳ ደረጃውን ወረደች፤ ልጇ፣ ያ ልጅ፣ ፂሙን አብቅሎ ከኋላዋ በሩ ላይ ቆሟል። አገልጋዩ ባልዲውን እንዳነሣ እጀታውን ያዘችው።

«እዚህ ደጅ ውሃ አይፈስም» አለች።

«እመቤቴ፣ ሬሳ አልፏል እኮ።»

«ማን እንዳለፈ አውቃለሁ። አንተ ሳትወለድ አውቃት ነበር። ወደዚያ ውሰደው።»

አገልጋዩ ወደ ልጇ አየ። ልጇ እናቱን አየ። ባልዲው ተመልሶ ሄደ፤ ከበሩ አለፍ ብሎ ደግሞ መፍሰስ ጀመረ። ራምራቲ እስኪርቁ ድረስ እዚያው ቆመች። መንገዱ ከላይም ከታችም እበት ተቀብቶ ያብለጨልጭ ነበር፤ ከትልቁ ቤት ፊት ያለው ግን አቧራው ላይ የተሸካሚዎቹ የጫማ ኮቴ እንደታተመ፣ ደረቅ እንደሆነ ቀረ።